ጡት ሲያጋት፦ በእርግዝና ወራት ጡታችን ምን ይሆናል?

መንዝ፣ አያቴ ቤት፣ ላም ልትወልድ ስትቃረብ ቤቱ በሙሉ ያውቃል። አያቴ በማለዳ በረት ገብታ ትወጣና «አጋተች» ትላለች። በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላሚቱ ርቃ አትሰማራም። ጭድ ይጨመርላታል። እኛ ልጆቹ እንዳናስደነግጣት እንመከራለን። ጡቷ ሞልቶ፣ ቆዳው ተወጥሮ፣ ጫፉ ወፍሮ በዓይን ይታያል። ጎረቤት ጎራ ብሎ ጎንበስ ብሎ ያይና «ሳምንትም አትቆይ» ብሎ ይሄዳል። የሚያፍር ሰው የለም።

የቤቱ ምራት ስታረግዝ ግን ስለ ጡቷ ትንፍሽ የሚል የለም። ሆዷን ያያሉ። ፊቷ ላይ ማዲያት መውጣቱን ያያሉ። ያማራትን ይፈልጉላታል። ጡቷ ከሆዷ ቀድሞ መለወጥ መጀመሩን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። የምሠራው ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ለእርግዝና ክትትል የሚመጡ ሴቶች ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ደም ማነስ፣ ስለ ልጁ አቀማመጥ ይጠይቁኛል። ስለ ጡታቸው የሚጠይቁኝ ግን ሁሌ መጨረሻ ላይ ነው። ካርዳቸውን ይዘው ተነስተው፣ እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሲስተር፣ አንዲት ነገር ልጠይቅሽ ነበር» ይላሉ። ይሄን የጻፍኩት ለእነዚያ የበር ላይ ጥያቄዎች ነው።

ከሆድ በፊት ጡት

አንዲት እናት ትዝ ትለኛለች። የሁለት ዓመት ልጅ በአንቀልባ አዝላ መጣች። አንቀልባ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ማሰሪያው ዞሮ የሚታሰረው ደረት ላይ ነው። «ማሰሪያው ጡቴን እንደ እሳት አቃጠለኝ» አለችኝ። ምች መስሏት ሁለት ቀን ሙሉ ዳማከሴ አሽታ ስትቀባ ሰንብታለች። ክፍሉ በሙሉ ዳማከሴ ዳማከሴ ሸተተ። የወር አበባዋን ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና «ኧረ እቴ!» ብላ አፏን ያዘች። የሽንት ምርመራው እርጉዝ መሆኗን አሳየ።

የጡት ሕመም ከመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ምልክቶች አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራል። እዚህ ላይ የሳምንት አቆጣጠሩ ብዙ ሰው ያምታታል። እኛ የእርግዝናን ሳምንት የምንቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ተነስተን ነው። ስለዚህ 4ኛ ሳምንት ስንል የወር አበባሽ መምጣት የነበረበት ሰሞን ማለታችን ነው። ገና እርጉዝ መሆንሽን ሳታውቂ ጡትሽ አውቆታል።

ስሜቱ ከሴት ሴት ይለያያል። አንዷ «ይከብደኛል» ትላለች። ሌላዋ «ይነዝረኛል»፣ ሌላዋ «ልብስ ሲነካኝ ያመኛል» ትላለች። ከወር አበባ በፊት ከሚመጣው ሕመም ጋር ይመሳሰላል፤ ግን ይበረታል፣ ቶሎም አይለቅም። ምንም የማይሰማት ሴትም አለች። እሷም ጤነኛ ናት።

አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ሕመሙ ይቀንሳል። ይሄም በራሱ የሚያስደነግጣቸው አሉ። «ጡቴ ማመሙን ተወ፣ ፅንሱ ምን ሆኖ ይሆን?» ብለው የሚመጡ አሉ። ሕመሙ ብቻውን ቢቀንስ የተለመደ ነገር ነው። ደም መፍሰስ ወይም የሆድ ቁርጠት አብሮ ካለ ግን ሳታድሪ ጤና ተቋም ሂጂ።

ውስጡ ምን እየተሠራ ነው?

ወተት የሚሠራው በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ነው። ከረጢቶቹ እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስበው ይቀመጣሉ። ከእያንዳንዱ ዘለላ ቀጭን ቱቦ ይወጣል። ቱቦዎቹ እየተገናኙ፣ እየወፈሩ ወደ ጡት ጫፍ ይሄዳሉ። ሸዋ ሮቢት የመስኖ ማሳ ያየ ሰው ያንን ገልብጦ ያስበው። እዚያ ውሃው ከዋናው ቦይ ወደ ትናንሾቹ ይከፋፈላል። እዚህ ከትናንሾቹ ተነስቶ ወደ ዋናው ይሰበሰባል።

ልጃገረድ ስትጎረምስ ጡቷ ያድጋል፤ ግን ሥራው አላለቀም። ሼዱ ተሠርቶ ማሽን ያልገባበት ፋብሪካ በይው። ማሽኑ የሚገባው በእርግዝና ነው። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ቱቦዎቹን ያስረዝማል፣ ያሰራጫል። ፕሮጄስትሮን ደግሞ ከረጢቶቹን ያበዛል። ከአንጎል ስር ካለች ትንሽ ዕጢ የሚመነጨው ፕሮላክቲን ከረጢቶቹ ወተት መሥራት እንዲችሉ ያዘጋጃቸዋል። የእንግዴ ልጁም ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ የራሱን ሆርሞን እያመነጨ ያግዛል።

ይሄ ሁሉ ግንባታ ደም ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ ጡት የሚሄደው ደም ይጨምራል። ቆዳሽ ቀላ ያለ ከሆነ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ደም ስሮች ደረትሽ ላይ ተጋድመው ታያለሽ። ቆዳሽ ጠቆር ካለ ላይታዩ ይችላሉ፣ ግን አሉ። ክብደቱም እንደዚያው ነው። ያላረገዘች ሴት አንድ ጡት በአማካይ 200 ግራም ገደማ ይመዝናል። መውለጃዋ ሲደርስ ከ400 እስከ 600 ግራም ይሆናል። በምታጠባበት ጊዜ እስከ 800 ግራም ሊደርስ ይችላል። ሁለቱን ደምሪና ጀርባሽን ለምን እንደሚያምሽ ይገባሻል።

ስለዚህ የድሮው ጡት መያዣ አይሆንሽም። ብዙዎቹ የጠበባቸውን እየጎተቱ ዘጠኝ ወር ይጨርሳሉ፣ ሲያወልቁት ትከሻቸው ላይ ሰንበር ቀርቷል። ሰፋ ያለ ማንጠልጠያ ያለው፣ ከጥጥ የተሠራ፣ ሽቦ የሌለው ግዢ። ልክሽን የምትመርጪው አሁን ባለው መጠንሽ ነው። ደረትም በእርግዝና ስለሚሰፋ ከኋላ በርከት ያለ ማያያዣ ያለው ይሻላል። ማታ ማታ ካመመሽ ላላ ያለውን አድርገሽ ተኚ።

ቆዳው ሲወጠር ያሳክካል። ሸንተረርም ሊወጣ ይችላል። ቅባት ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ ሸንተረሩን አያስቀረውም። ይጠፋል ብለው በውድ የሚሸጡልሽን ተዪው።

ደግሞ አንድ ወሬ አለ። «ትንሽ ጡት ያላት ልጅ አታጠግብም» ይባላል። ሰርግ ቤት ሳይቀር ሙሽራ እየታየ ይሄ ይባላል። የጡት ትልቅነትና ትንሽነት በአብዛኛው የስብ ጉዳይ ነው። ወተት የሚሠሩት ከረጢቶቹ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ትንሽም ትልቅም ጡት ውስጥ ይበዛሉ። ትልቅ ጎተራ ሁሉ ገብስ አይሞላበትም።

አንዳንዴ እብጠቱ ብብት ስር ይወጣል። ይሄ ሴቶችን በጣም ያስደነግጣል። ጡት በማኅፀን ውስጥ ሲፈጠር ከብብት እስከ ብሽሽት በሚወርድ መስመር ላይ ነው የሚጀምረው። ኋላ ሌላው ይጠፋና ደረት ላይ ያለው ይቀራል። አንዳንድ ሴት ላይ ግን ብብቷ ውስጥ ትንሽ የጡት ሥጋ ይቀራል። ስታረግዝ እሱም ሆርሞኑን ይሰማና ያብጣል። ለባለሙያ አሳይተሽ ያ መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሚያሳስብ አይደለም።

ጥቁረቱና እንክብሎቹ

የጡት ጫፍና ዙሪያው ያለው ክብ ይጠቁራል፣ ይሰፋል። ፊት ላይ ማዲያት የሚያወጣው፣ ሆድ ላይ ከእምብርት ወደ ታች ጥቁር መስመር የሚያሰምረው ያው የቆዳ ቀለም ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች ጥቁረቱ ዓይኑ ገና ላልጠራ ሕፃን ምልክት ይሆነዋል ይላሉ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። በተረፈ በሳሙና የሚለቅ እድፍ አይደለም። ይሄን የምለው የሚፈትጉ ስላሉ ነው።

ጥቁሩ ክብ ላይ ትንንሽ እንክብሎች ብቅ ይላሉ። ብጉር መስሏቸው የሚያፈነዱ አጋጥመውኛል። አታፈንጂያቸው። እነዚህ ወዝ የሚያመነጩ ዕጢዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1837 ዊልያም ሞንትጎመሪ የተባለ የአየርላንድ አዋላጅ ሐኪም በደንብ ስለገለጻቸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። ሰውዬው ትንንሽ የጡት ጫፎች እንደ ከዋክብት ተበትነው ሲያይ የተገረመ ይመስላል፣ ያመሳሰላቸውም ከዚያው ጋር ነው።

ወዙ ሁለት ሥራ አለው። ቆዳው እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ያለሰልሳል። ሽታውም ሕፃኑን ይመራል። የተወለደን ሕፃን እርቃኑን እናቱ ደረት ላይ ብታስቀምጪው ጥቂት ቆይቶ አንገቱን እያወዛወዘ፣ በእግሩ እየገፋ ወደ ጡት ይሳባል። መቼም አይሰለቸኝም። ስቦ የሚወስደው አንዱ ሽታው ነው።

ለዚህ ነው የጡት ጫፍን በሳሙና አትጠቢ የምንለው። ሳሙና ወዙን ያነሳዋል። ሰውነትሽን ስትታጠቢ የሚፈስበት ውሃ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ምክር ላንሳ። «የጡትሽን ጫፍ በሻካራ ፎጣ እሺው፣ ይጠነክራል» ይባላል። ወደ ውስጥ ለገባ ጫፍ ደግሞ «በየቀኑ ጎትቺው» ይባላል። መፈተግ ቆዳውን ያቆስላል እንጂ አያጠነክረውም። መጎተቱም ጥቅሙ አልተረጋገጠም። ጫፍ አብዝቶ ሲነካካ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፣ እሱ ደግሞ ማኅፀንን ያኮማትራል። ያለ ቀኗ ወልዳ የምታውቅ ሴት ከዚህ መጠንቀቅ አለባት። ጫፏ ወደ ውስጥ የገባ እናት ብዙዋ ያለ ችግር ታጠባለች። ሕፃን የሚይዘው ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩን ክብ ጨምሮ ነው። ለክትትል ስትመጪ ብትነግሪን ከወሊድ በኋላ አያያዙን ከጎንሽ ሆነን እናሳይሻለን።

የደብረ ብርሃን ብርድ

ቀጥሎ የምነግርሽን መጽሐፍ ሳይሆን ብርድ ነው ያስተማረኝ። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ነው የምንኖረው። ታኅሣሥ ላይ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስድስተኛ ወሬ ላይ ነበርኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ፣ ከሞቀ አልጋ ወጥቼ፣ ግቢ ባለው ቧንቧ ተጣጥቤ ተመለስኩ። ልብሴን ሳልጨርስ የግራ ጡቴ ጫፍ በመርፌ እንደተወጋ ሆነ። አየሁት። አመድ መስሎ ነጥቷል። ቆይቶ ወደ ወይን ጠጅ ዞረ። ከዚያ ደም ሲመለስበት ደግሞ መቃጠሉ! እንባዬ መጣ። የተማርኩ አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ግን በዚያች ደቂቃ ከዳማከሴዋ እናት በምንም አልሻልም ነበር።

የሆነው ይሄ ነው። ብርድ ሲመታው ወደ ጡት ጫፍ ደም የሚወስዱት ቀጫጭን ደም ስሮች ድንገት ይጨመደዳሉ። ደም ሲቋረጥ ይነጣል፣ ያማል። ሲለቅ ደም ተመልሶ ይገባል፣ ያቃጥላል። ጣታቸው በብርድ የሚነጣባቸው ሰዎች ላይ የሚሆነው ነገር ነው። በእርግዝና ጊዜም፣ በማጥባት ጊዜም ይመጣል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ የቀለሙ ለውጥ በደንብ ላይታይ ይችላል፤ ሕመሙ ግን አይደበቅም።

ፅንሱን አይጎዳውም። መድኃኒቱ ሙቀት ነው። ከአልጋ ከመውጣትሽ በፊት ደረትሽን ሸፍኚ። ሲጀምርሽ ደረቅ ሙቅ ጨርቅ፣ ወይም የገዛ መዳፍሽን ጫን አድርጊበት። የረጠበ ጡት መያዣ ቶሎ ቀይሪ። ቡና ደም ስር ስለሚያጠብ እየተደጋገመ ካስቸገረሽ አቦሉን ጠጥተሽ ቶናና በረካውን ለጎረቤት ተዪ። ሲጋራ የምታጨስም ማቆም አለባት። ደግሞ ለመሞቅ ብለሽ ከሰል አንድደሽ በር ዘግተሽ አትቀመጪ። ጭሱ አይታይም፣ ግን አንቺንም ፅንሱንም ይገድላል። በዚህ በእኛ አገር ብርድ ይሄን ደጋግሜ ብናገር አይበዛብኝም። ጥንቃቄው ሁሉ ሳያስታግሰው ከቀረ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለ።

ጣርማ በርን ወርደሽ ቆላ ከገባሽ ችግሩ ይገለበጣል። እዚያ ያለችው እናት ከጡቷ ስር ላብ ይጠራቀምና ሽፍታ ያስቸግራታል። አጥቦ በደንብ ማድረቅና የጥጥ ልብስ መልበስ ይበቃል። ከቀላና ካሳከከ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ይታይ።

ፍሬኑና እንገሩ

ከ16ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ጡት እንገር መሥራት ይችላል። ቢጫ፣ ወፈር ያለ፣ የሚያጣብቅ ነገር ነው። አንዳንዷ ጠዋት ስትነሳ የሌሊት ልብሷ ላይ ደርቆ ታገኘዋለች። ሌላዋ እስክትወልድ ጠብታ አታይም። ስላልፈሰሰሽ ወተት አይኖርሽም ማለት አይደለም። ስለፈሰሰሽም አያልቅብሽም። አልበሽ አትድፊው፣ ንጹሕ ጨርቅ ጡት መያዣው ውስጥ አድርጊና ሲረጥብ ቀይሪ።

አሁን ወደ ጥሩው ክፍል ደረስን። ማሽኑ ገብቷል። ፕሮላክቲን እየጨመረ ሄዶ መውለጃ ሲደርስ ከቀድሞው 10 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ታዲያ ወተቱ ለምን አይወርድም?

ፍሬን ተይዟል። ጣርማ በርን ተጭኖ የሚወርድ አይሱዙ አስቢ። ቁልቁለቱ ይጎትተዋል፣ ጭነቱ ይገፋዋል፣ ሹፌሩ ግን ፍሬኑን አልለቀቀም። የጡት ፍሬን ፕሮጄስትሮን ነው። ከረጢቶቹን ያበዛው እሱ ራሱ ወተት በብዛት እንዳይሠሩ ይዟቸዋል። ፕሮጄስትሮኑ በብዛት የሚመጣው ከእንግዴ ልጁ ነው። ስትወልጂና የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ፕሮጄስትሮን ያሽቆለቁላል። ሹፌሩ እግሩን አነሳ ማለት ነው። ከዚያ ከ2 እስከ 4 ባሉት ቀናት ውስጥ ጡት ያጋታል፣ ወተት ይወርዳል።

ነገሩ እንዲህ መሆኑን የምናውቅበት አንድ አጋጣሚ አለ። የእንግዴ ልጁ ቁራጭ ማኅፀን ውስጥ የቀረባት እናት ወተቷ ሊዘገይ ይችላል። ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ አልተለቀቀማ። ስለዚህ አራተኛ ቀን አልፎ ጡቷ ለስላሳ ሆኖ የቀረ አራስ፣ በተለይ ደሙ ከበዛባት፣ መታየት አለባት። «ወተት አጣች፣ አጥሚት ጨምሩላት» ብቻ ተብሎ አይታለፍም።

ሌላም የሚከተል ነገር አለ፣ ማንም አስቀድሞ አይናገረውም። ከ4 ወር በላይ የገፋ ፅንስ የወረደባት፣ ወይም ልጇ ሞቶ የተወለደባት እናትም ጡቷ ያጋታል። የእንግዴ ልጁ ወጥቷል፣ ፍሬኑ ተለቋል፤ ጡት ልጁ አለ የለም አያውቅም። ቤቷ ለቅሶ ተቀምጣ በሦስተኛው ቀን ልብሷ ሲረጥብ ሁለተኛ ሐዘን ነው። እንደሚመጣ ብትነገር ቢያንስ አትደነግጥም። ደገፍ የሚያደርግ ጡት መያዣ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ እንደ ፓራሲታሞል ያለ ማስታገሻ ይረዳል። በጣም ሲወጥራት እፎይ እስክትል ብቻ ጥቂት ታልበዋለች፣ ብዙ ካለበች ይጨምራል። በቀናት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል።

ወደ እንገሩ ልመለስ። አያቴ ጥጃ ሲወለድ መጀመሪያ የምታየው እንገር መጥባቱን ነው። «እንገር ያልጠባ ጥጃ አይጠናም» ትላለች። ሌሊትም ቢሆን ኩራዝ አስይዛ፣ ጥጃውን አቅፋ፣ አፉን ከጡቱ ታገናኘዋለች። ይህችው አያቴ ታዲያ እናቴ እኔን ስትወልድ እንገሩን አሳልባ ደፍታዋለች። «የቆየ ነው፣ ሆዷን ያማታል» አለች። ለእኔ ቅቤ አላሱኝ። ለጥጃው የሚሆነው ለልጅ ልጇ አልሆነም! ስጠይቃት ብዙ ቆየችና «እሱማ እውነትሽን ነው» አለችኝ።

እንገር የቆየ ወተት አይደለም። ሕፃኑ የሚያገኘው የመጀመሪያው ክትባት በይው። በሽታ የሚከላከሉ ነገሮች ታጭቀውበታል። አንጀቱን ይሸፍንለታል። ያንን ጥቁር የመጀመሪያ ዓይነ ምድር ቶሎ እንዲያስወጣ ያግዘዋል። ቢጫ ያደረገው ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ዓይነት ቀለም ነው። በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑ በአንድ ጊዜ የሚያገኘው አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። «ኧረ ይሄ ምን ይሆነዋል?» ትያለሽ። ጨጓራውም ትንሽ ነው፣ ይበቃዋል። ቅቤና የስኳር ውሃ ያቺን ትንሽ ጨጓራ ይሞሉና የመጥባት ፍላጎቱን ይወስዱበታል፣ ጀርምም ይዘው ሊገቡ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲጀምር፣ እስከ 6 ወር ውሃም ሳይጨመር ጡት ብቻ እንዲጠባ ነው።

የታላቁ ልጅ ጡት

አንቀልባ ላይ የነበረውን ልጅ አልረሳሁትም። እናቱ ቀጥሎ የጠየቀችኝ «ዛሬውኑ ጡት ላስጥለው?» ብላ ነው። የእርጉዝ ወተት ልጅ ያሳምማል የሚለው በእኛ አካባቢ የጠና እምነት ነው።

ወተቱ መርዝ አይሆንም። እርግዝናው ጤነኛ ከሆነ ማጥባት ይቻላል። ግን ነገሮች ይለወጣሉ። ያ ፍሬን ያልኩሽ ፕሮጄስትሮን ስለሚጨምር ወተቱ ይቀንሳል። ጣዕሙም ጨው ጨው ይላል። ብዙ ልጆች ራሳቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። እሷም ጫፉ ስለሚያማት ጥርሷን ነክሳ ነው የምታጠባው። ልጁ ከዓመት በታች ከሆነ የወተቱ መቀነስ ከባድ ስለሆነ ክብደቱ መታየት አለበት። ያለ ቀኗ የወለደች፣ ደም የሚፈሳት ወይም መንታ ያረገዘች ከሐኪም ጋር ትምከር። የልጁ መክሳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወተቱ ከመመረዙ ሳይሆን በድንገት ጡት ተነጥቆ በምትኩ በቂ ምግብ ካለማግኘቱ ነው። እኔ ለእሷ ቀስ በቀስ አስጥዪው አልኳት። ገንፎውን፣ እንቁላሉን፣ ወተቱን እያስለመድሽ።

ሳትውዪ ሳታድሪ የምታሳዪው

እርግዝና ላይ አንድ መጥፎ ነገር አለ። ሁሉም ነገር «የእርግዝና ነው» ይባላል። ጡት ሲሞላ ጎድጎድ፣ እብጥብጥ ማለቱ ያለ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያለ፣ ጠንካራ፣ ሁለት ሳምንት አልፎት የማይጠፋ እብጠት ግን ይታይ። አብዛኛው ጉዳት የሌለው ሆኖ ይገኛል። ፈሳሽ የቋጠረ፣ ወይም ድሮም የነበረ ዕጢ በሆርሞኑ አድጎ ሊሆን ይችላል። በእርግዝና ጊዜ የሚገኝ የጡት ካንሰር ብርቅ ነው፣ ከ3,000 እርግዝና በ1 ገደማ። ብርቅ ስለሆነና ጡቱም ስለሞላ ነው ዘግይቶ የሚገኘው። አልትራሳውንድ ፅንሱን አይጎዳውም፣ ፈርተሽ አትቅሪ።

ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከተወጋጋ፣ ድሮ ወጣ ብሎ የነበረ ጫፍ በአንድ ወገን ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ጫፉ ላይ የማይድን ቁስል ካለ ነይ። ከጡት ደም ከወጣም ነይ። ወደ መጨረሻው ወር አካባቢ አዳዲስ ደም ስሮች እየበዙ ስለሆነ እንገሩ ዝገት መስሎ የሚወጣባቸው አሉ፣ ብዙ ጊዜም በራሱ ይተዋል። ይሄን የሚለየው ግን ምርመራ ነው። ጡትሽ በአንድ ጎን ቀልቶ፣ ሞቆ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለሽም ዳማከሴው ይቆይ፣ መጀመሪያ ነይ። እና እባክሽ፣ በር ላይ ቆመሽ ሳይሆን ገና ስትገቢ ንገሪን።

«ጡቴ ይወድቃል ብዬ ነው ጡጦ የጀመርኩት» የሚሉም ከተማ ውስጥ በዝተዋል። ጡትን የሚያላላው እርግዝናው ራሱ ነው፣ ክብደቱና የቆዳው መወጠር፤ ዕድሜም ይጨምርበታል። ማጥባት ያለ ስሙ ነው የተከሰሰው።

ልጁ ጡት ሲተው ከረጢቶቹ ይከስማሉ፣ ቦታቸውን ቀስ በቀስ ስብ ይይዘዋል። ለዚያ ነው ካስጣልሽ በኋላ ለወራት ጡትሽ ባዶ አቁማዳ የሚመስልሽ። ደም ስሮቹ ይደበዝዛሉ፣ እንክብሎቹ ይሟሽሻሉ። ጥቁረቱ ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን ላይመለስ ይችላል። የኔ ታናሹ ልጅ ዘንድሮ 7 ዓመቱ ነው፣ ጥቁረቱ አሁንም አለ።